የአይሲቲ ክበብ የዓመት ዘገባ፦ በራሳችን ሰርቨር ላይ የቆመው ብሎግ

ክበቡ ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ ነው፤ የተማሪዎችን ጽሑፍ የሚያወጣ ብሎግ፣ ክበቡ ራሱ በሚያስተዳድረው ሰርቨር ላይ ማቆም። ሰርቨር አስነሥቶ ብሎግ የሚጭን ተማሪ አይጠፋም። ተማሪው ግን ተመርቆ ይሄዳል፣ ሰርቨሩ ይቀራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ውሳኔ ላይ «ይሠራል ወይ?» ከሚለው ቀጥሎ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ ነበር፦ ይህን ሥራ ዓይቶት የማያውቅ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ከደብተራችን አንብቦ ይደግመዋል ወይ? ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ከዚያ ደብተር የተወሰደ ነው።

መጀመሪያ ክርክር ያስነሣው የሶፍትዌር ምርጫ ነው። እንደ ሁጎ ያሉት ፕሮግራሞች ጽሑፉን ከማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች ከተጻፈ የጽሑፍ) ፋይል ወስደው ያለቀለት ኤችቲኤምኤል፣ ማለትም ብራውዘር የሚያነብበውን ገጽ፣ ያወጣሉ፤ ዳታቤዝም ፒኤችፒም (ገጹን በተጠየቀ ጊዜ የሚያዘጋጀው የፕሮግራም ቋንቋ) ስለሌለ የሚበላሸውም የሚጠለፈውም ጥቂት ነው። ለአንድ ሰው ብሎግ ቢሆን ያለ ማመንታት ይህን እመርጥ ነበር። ለክበብ ግን ግጥም የጻፈች ተማሪ ግጥሟን ለማውጣት ጊት (የፋይል ለውጦችን የሚመዘግብ የፕሮግራመሮች መሣሪያ) ልትማር ነው ማለት ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ዎርድፕሬስ የተመረጠው ሥልጣን ስለሚከፋፍል ነው። ጸሐፊዎች የሚያገኙት «ኮንትሪቢዩተር» የተባለውን ደረጃ ነው፤ ይጽፋሉ፣ ለአርታኢ ይልካሉ፣ ራሳቸው አያትሙም፣ ፋይልም አይጭኑም። አስተዳዳሪዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው።

በቤተ ሙከራው ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ሰርቨር ይሁን የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ከመሞከር በፊት ራውተሩ ከውጭ የተሰጠውን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ማየት ይበቃል። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ አድራሻው ከብዙ ደንበኞች ጋር የጋራ ነው፤ በራውተሩ ላይ የቱንም ፖርት (ቁጥር ያለው የግንኙነት በር) ቢከፍቱ ከውጭ የሚመጣ አንባቢ አይደርስም። የራስ አይፒ ቢኖርም መብራት በጠፋ ቁጥር ዳታቤዝ በድንገት የሚዘጋበት ማሽን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ስለዚህ የተከራየነው ቪፒኤስ (በአቅራቢ ድርጅት ዘንድ ያለ ምናባዊ ሰርቨር) 1 ኮር፣ 1 ጊጋባይት ራም እና 25 ጊጋባይት ዲስክ አለው። የተጫነበት ኡቡንቱ 24.04 (የሊኑክስ ዓይነት ሲስተም) ሲሆን የደኅንነት ማሻሻያው እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቀጥላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሰርቨሩ አይደለም፣ ዶሜይኑ፣ ማለትም የብሎጉ የኢንተርኔት ስም ነው። ሰርቨር ቢጠፋ ሌላ ይተካል፤ ዶሜይን ካመለጠ ስሙ የሌላ ሰው ነው። ዶሜይኑ የተመዘገበበት አካውንት በተማሪም በመምህርም የግል ኢሜይል አልተከፈተም። በዚያው ዶሜይን ላይ ባለ ኢሜይልም አልተከፈተም፤ ምክንያቱም የዶሜይኑ ጊዜ ካለፈ ኢሜይሉም አብሮ ይሞታል፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያው መልእክት የሚላከው ደግሞ ወደዚያ ነው። በቤት ውስጥ ቁልፍ ቆልፎ እንደመውጣት ማለት ነው። የሁለተኛው ማረጋገጫ መጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ታትመው በታሸገ ፖስታ በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጠዋል።

በሰርቨሩ ላይ የመጀመሪያው ሥራ የመግቢያ በሮችን መወሰን ነው። የምንገባው በኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከሩቅ በተመሰጠረ መንገድ ማዘዣ) ቁልፍ ነው፣ በይለፍ ቃል መግባት ተዘግቷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያታልል ነገር አለ። በዋናው የኤስኤስኤች ቅንብር ፋይል የይለፍ ቃልን «አይ» ብለን ሰርቪሱን ዳግም ብናስነሣም ሰርቨሩ ይለፍ ቃል መጠየቁን ቀጠለ። ኡቡንቱ ከዋናው ፋይል በፊት የሚያነብበው ፎልደር አለ፤ በዚያ ውስጥ በ50 ቁጥር የሚጀምር የክላውድኢኒት (ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲነሣ የሚያሰናዳው ፕሮግራም) ፋይል «አዎ» ይላል፤ ኤስኤስኤች ደግሞ መጀመሪያ ያገኘውን ይይዛል፣ ኋላ የመጣውን አይሰማም። ስለዚህ ፋይሉን አርሞ መተው በቂ አይደለም። ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ያዋለውን ቅንብር ራሱ እንዲያሳይ ማዘዝና ያንን ማንበብ ያስፈልጋል። በተረፈ ፋየርዎሉን (የግንኙነት ማጣሪያውን) ከማብራት በፊት ፖርት 22ን (የኤስኤስኤችን) መፍቀድ፣ ከዚያ 80ን (የኤችቲቲፒን) እና 443ን (የተመሰጠረውን የኤችቲቲፒኤስን)፤ ለውጡ ሁሉ በሌላ ተርሚናል እስኪሞከር ድረስም የገባንበትን መስኮት አለመዝጋት።

የዶሜይኑን ስም ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው የዲኤንኤስ መዝገብ ነው። ለአይፒቪ4 (ለቀድሞው የአይፒ ዓይነት) የኤ መዝገብ ይበቃናል፤ ችግሩ የመጣው እኛ ካልጻፍነው መዝገብ ነው። አንዳንድ የዶሜይን ሻጮች ለጊዜያዊ ገጻቸው ብለው የአይፒቪ6 (የአዲሱ የአይፒ ዓይነት) መዝገብም ይጨምራሉ። የኤውን አስተካክሎ ይኼኛውን መርሳት ቀላል ነው። ውጤቱ ግራ ያጋባል፦ ለአንዱ ተማሪ ብሎጉ ይከፈታል፣ አጠገቡ በሌላ ኔትወርክ ላለው ግን የሻጩ ማስታወቂያ ይመጣል። ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውን ሰርተፍኬት በነፃ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕትም እንቢ ይላል፤ አይፒቪ6 መዝገብ ካለ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነውና። በዚህ ጊዜ ጥያቄውን ደጋግሞ መላክ ነገሩን ያከፋዋል፤ ለአንድ ስም በሰዓት ውስጥ 5 ጊዜ ማረጋገጫ ከወደቀ በሩ ለጊዜው ይዘጋል። መጀመሪያ በሌትስ ኢንክሪፕት የሙከራ አገልግሎት ማለፍ፣ ከዚያ በእውነተኛው።

ሰርተፍኬቱ የሚቆየው 90 ቀን ነው። ሰርትቦት የተባለው ፕሮግራም የቀረው ጊዜ 30 ቀን ሲሆን በራሱ ያድሰዋል፣ ሁሉም ነገር ሰላም ከሆነ። በደብተሩ በቀይ የተጻፈው ይህ ነው፦ ፖርት 80ን አትዝጉ። «ኤችቲቲፒኤስ እያለን 80 ለምን ይከፈታል?» ብሎ የሚዘጋ ትጉህ አባል ሁልጊዜ አለ። የምንጠቀምበት የማረጋገጫ መንገድ የሚመጣው በ80 ነው፤ ከተዘጋ እድሳቱ ይወድቃል፣ ገጹ ግን ለሳምንታት ምንም እንዳልሆነ መሥራቱን ይቀጥላል። ስህተቱ በተሠራበት ቀንና በታየበት ቀን መካከል ሁለት ወር ሊያልፍ ይችላል፣ በዚያ ጊዜ ማንም ያንን ቀን አያስታውስም። ሌትስ ኢንክሪፕት ጊዜው ሊያልቅ ሲል ይልክ የነበረውን ኢሜይል በ2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ስለዚህ በየወሩ የመጀመሪያ ሳምንት አንድ አባል የሙከራ እድሳት አድርጎ በደብተሩ ይፈርማል።

የ1 ጊጋባይት ራም ሒሳብ ለ10ኛ ክፍል አባላት ጥሩ የቤት ሥራ ሆኗል። ፒኤችፒ ገጽ የሚያዘጋጁለት ሠራተኛ ሂደቶች አሉት፤ ቁጥራቸው ሳይነካ 5 ነው። አንዱ ዎርድፕሬስን ሲሠራ በእኛ ማሽን ወደ 60 ሜጋባይት ይይዛል፤ በጠቅላላው 300። የዳታቤዙ ፕሮግራም የማሪያዲቢ ዋና የራም ማከማቻ ሳይነካ 128 ሜጋባይት ነው፣ የቀረው ለሲስተሙና ገጾቹን ለአንባቢ ለሚያደርሰው ፕሮግራም ለኤንጂንኤክስ። ይበቃል። አሁን «ገጹ ይፍጠን» ተብሎ ሠራተኞቹ 20 ይደረጉ እንበል፦ 20 ጊዜ 60፣ 1200 ሜጋባይት፣ ካለን ሁሉ ይበልጣል። በአዘቦት ቀን ምንም አይታይም። አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ተቀባብሎ በአንድ ጊዜ ሲከፍተው ግን ራሙ ያልቃል፤ ሊኑክስ ራሱን ለማዳን ብዙ ራም የያዘውን ሂደት ይገድላል፣ የሚገደለውም ብዙውን ጊዜ ዳታቤዙ ነው። አንባቢው የሚያየው «ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል ነጭ ገጽ ነው። ይህን ያየ ጀማሪ ወዲያው ወደ ዳታቤዙ ይለፍ ቃል ይሮጣል፤ ትናንት ሲሠራ የነበረ ይለፍ ቃል ዛሬ በራሱ አይለወጥም። የሲስተሙን ሎግ ከፍቶ «ሜሞሪ አልቋል፣ ሂደቱ ተገድሏል» የሚለውን መስመር መፈለግ ነው። እኛ ሠራተኞቹን 5 ላይ ትተን 2 ጊጋባይት ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨመርን።

ፎቶዎች ሲጫኑ 413 (የተላከው ከልክ በላይ ትልቅ ነው) የሚል ስህተት ይመጣል። ኤንጂንኤክስ ሳይነካ ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፤ ፒኤችፒ ለአንድ ፋይል 2፣ ለጠቅላላው ጥያቄ 8 ሜጋባይት ይላል። ሦስቱ ካልተስማሙ ትንሹ ያሸንፋል። ሦስቱንም ወደ 16 አሳድገናል፤ ግን ከስልክ የወጣን ፎቶ እንዳለ መስቀል አይፈቀድም። መጀመሪያ ወርዱ ወደ 1600 ፒክስል ይቀነሳል፣ ጥራቱ 80 ላይ ይቀመጣል፣ በፎቶው ውስጥ የተደበቀው የቦታ መረጃም ይጠፋል። ይህ የመጨረሻው ለፍጥነት ሳይሆን ለተማሪዎቹ ደኅንነት ነው።

በአማርኛ የሚጻፍ ብሎግ በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ውስጥ የማይገኙ ችግሮች አሉት፣ ክበቡም የተሻለ የሠራው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዎርድፕሬስ የጽሑፉን አድራሻ ከርዕሱ ይሠራል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ኮድ) ሦስት ባይት ነው፤ በአድራሻ ውስጥ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት አኃዝ ስለሚጻፍ አንዱ ፊደል 9 ቦታ ይበላል። የአድራሻው ሳጥን 200 ቦታ ብቻ አለው። ስለዚህ ከ22 ፊደል ገደማ በላይ የሆነ ርዕስ በአድራሻው ላይ መሐሉ ላይ ይቆረጣል፣ ሰው ለሰው ሲልከውም ሊንኩ የመቶኛ ምልክት ጫካ ሆኖ ይደርሳል። አርታኢው ከማተሙ በፊት አጭር አድራሻ በእጁ ይጽፋል፤ ከታተመ በኋላ አይነካም።

ሁለተኛው ፍለጋ ነው። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈውን «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ አንባቢ ምንም አያገኝም። ፕለጊን (በዎርድፕሬስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ከመፈለግ ይልቅ የአማርኛ ክፍል መምህራን የጋራ የፊደል አጻጻፍ ዝርዝር አውጥተውልናል፤ አማራጭ አጻጻፎቹ ደግሞ ከጽሑፉ ግርጌ እንደ ጽሑፉ አካል ይገባሉ። ውበት የሌለው ዘዴ ነው፣ ግን ይሠራል። ስለ መልክ ብዙ አልተጨነቅንም፦ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፎንት ከራሳችን ሰርቨር ይጫናል፣ የመስመር ርቀቱ 1.7 ነው፣ ሰያፍ ጽሕፈት ተከልክሏል። ፎንቱ ሰያፍ ስለሌለው ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ አዘንብሎ ያበላሸዋል።

ፕለጊኖቹ አራት ናቸው። አምስተኛ የሚፈልግ ማን እንደሚያዘምነው በጽሑፍ ያቀርባል፤ እስካሁን ያቀረበ የለም።

መጠባበቂያ ቅጂ በየሌሊቱ ይወሰዳል፤ የዳታቤዙ ቅጂ፣ የፎቶዎቹ ፎልደር፣ የዎርድፕሬስ ቅንብር ፋይል እና የኤንጂንኤክስ ቅንብሮች። የ7 ቀንና የ4 ሳምንት ይቀመጣል። ቅጂውን ሰርቨሩ ወደ ውጭ አይልክም፣ ሌላ ማሽን መጥቶ ይወስደዋል፤ ሰርቨሩ ቢጠለፍ ጠላፊው የቅጂዎቹን ቁልፍ አብሮ እንዳያገኝ ነው። ቅጂ መኖሩን በፋይሉ ስም ማረጋገጥ አይቻልም። የዳታቤዙ ይለፍ ቃል ተቀይሮ በስክሪፕቱ ውስጥ ሳይቀየር ቢቀር ስክሪፕቱ ቀኑን የያዘ የተጨመቀ ፋይል መፍጠሩን አያቆምም፤ መጠኑ ግን 20 ባይት ነው፣ የባዶ ነገር ጭማቂ። የሚታየው መጠኑ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጨረሻ ብሎጉን ያላቋቋሙ የ9ኛ ክፍል አባላት ከቅጂውና ከደብተሩ ብቻ በባዶ ማሽን ላይ እንዲያስነሡት ተደረገ። ፈጥነው ጨረሱ፣ ብሎጉም ተከፈተ። የተከፈተው ግን ዋናው ነው። ዎርድፕሬስ የራሱን አድራሻ በዳታቤዙ ውስጥ ስለሚይዝ በአዲሱ ማሽን አይፒ የገባውን ሁሉ ወደ ዋናው ዶሜይን ይመልሰዋል፤ ልጆቹ ያዩት እነሱ ያላስነሡትን ነው። መፍትሔው በሚፈትሸው ሰው ኮምፒውተር የሆስትስ ፋይል (ከዲኤንኤስ በፊት የሚታይ የስምና የአይፒ ዝርዝር) ላይ ዶሜይኑን ከአዲሱ አይፒ ጋር ማያያዝ፣ በአዲሱ ማሽን ላይ ብቻ ያለ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጦ መጀመሪያ እሱን መክፈት ነው። ያኔ እውነተኛው ገጽ ወጣ፤ ርዕሶቹ ሁሉ ጥያቄ ምልክት ሆነው። ቅጂው ሲገባ የፊደል ቅንብሩ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 (በዳታቤዙ ውስጥ የሙሉው ዩቲኤፍ 8 ስም) አልነበረም። ለወደፊት መለያው ይህ ነው፦ ጽሑፉ በላቲን ፊደልና በእንግዳ ምልክት ከተዘበራረቀ ባይቶቹ አሉ፣ ሊመለስ ይችላል። ጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ፊደሉ ከዚያ ዳታቤዝ ጠፍቷል፣ ቅጂውን በትክክለኛው ቅንብር እንደገና ማስገባት ግድ ነው። እንደገና አስገቡት፣ ተስተካከለ።

ለሚቀጥለው ዓመት የሚተላለፈው እነሆ። የዶሜይኑ ማደሻ ቀን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ፤ ፖስታው በጽሕፈት ቤቱ ነው። በኤስኤስኤች የቁልፎች ፋይል ውስጥ አንዱ መስመር የአንድ ሰው ቁልፍ ሲሆን በመስመሩ መጨረሻ ስሙና የሚመረቅበት ዓመት ተጽፏል። የዘንድሮ ተመራቂዎች መስመሮች ሦስት ናቸው። የሚሰረዙት አዲሶቹ ሁለት አስተዳዳሪዎች በየራሳቸው ቁልፍ ገብተው መውጣታቸው ከታየ በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም።