የታሪክና ቅርስ ክበብ፦ ዓመቱን አራት ኪሎ ላይ

ዘንድሮ ክበባችን ከአንድ ሐውልት ሥር አልወጣም ማለት ይቻላል። ሐውልቱ አራት ኪሎ፣ ሚያዝያ 27 አደባባይ ላይ ያለው የድል ሐውልት ነው። ብዙዎቹ የክበቡ ልጆች ጠዋት ማታ በታክሲ ያልፉበታል። የምን መታሰቢያ እንደሆነ ስንጠይቃቸው ግን «የዓድዋ ነዋ!» ያሉት በዙ። መታሰቢያነቱ ግን በ1933 ከጣልያን ወረራ ነፃ ለወጣንበት ድል ነው።

አንደኛው መንፈቀ ዓመት በንባብና በፖስተር ሥራ አለፈ። ብዙ የሚወራለት አይደለም።

ነገሩ የጋለው ሁለት ቀኖች ሰሌዳው ላይ ስንጽፍ ነው። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው በእንጦጦ በኩል የገቡትም በ1933፣ ያችኑ ሚያዝያ 27። ልክ በአምስት ዓመቱ! ልጆቹ በዚህ ሲደነቁ ሌላ ቀን ጨመርንላቸው፤ መጋቢት 28 ቀን 1933። የእንግሊዝ ጦር ከተማዋን ከጣልያን የተረከበው ያን ቀን ነው። ንጉሡ ያን ዕለት ደብረ ማርቆስ ነበሩ። እንግሊዞች ከተማው ውስጥ ባሉት የጣልያን ሲቪሎች ላይ በቀል ይደርሳል ብለው ስለሰጉ አዘገዩአቸው። ደርግ ደግሞ በጊዜው የድል በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር።

ታዲያ የድል ቀን የቱ ነው? አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ጠላት የወጣበት ቀን ነው እንጂ ንጉሥ የገባበት ምን አገባን» ብላ ክፍሉን አናወጠችው። አንዱ ተነሳና መጋቢት 28 ከተማዋ ከአንድ ባዕድ ወደ ሌላ ባዕድ እጅ ነው የዞረችው አላት። ሦስተኛው «በየጫካው ያሉት አርበኞችስ? እነሱ መቼ ተገዙ?» አለ። እኔ ወደ ሚያዝያ 27 አደላለሁ። ድምፅ ሲሰጥ ግን ያቺ ልጅ አሸነፈች፤ ውጤቱን እንዳለ ግድግዳ ጋዜጣው ላይ ለጥፈነዋል።

በበዓሉ ዕለት የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ ለማየት አደባባዩ ድረስ ሄድን። ጎፈር ያጠለቁ የአርበኛ ልጆች ነበሩ። የእኛዎቹ ጥያቄ በደብተር ጽፈው ሄደው ሰልፊ ሲነሱ ዋሉ፤ ምን ይደረግ።

የሚቀጥለው ዓመት ተራ የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት ነው። ቤቱ የአያት ፎቶ፣ ሜዳሊያ ወይም ደብዳቤ ያለው ወላጅ ለክበቡ ቢያሳየን ደስ ይለናል። ኮፒ አድርገን ዋናውን በዕለቱ እንመልሳለን።