የቡድን ሥራ ክበብ፦ አምስት ሙያ፣ አንዲት ወላድ

ክበባችን የአዋላጅነት፣ የነርሲንግ፣ የጤና መኮንን፣ የፋርማሲና የላብራቶሪ ተማሪዎችን ያገናኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ማዕቀፍ እንዲህ ያለውን የተለያዩ ሙያዎች የጋራ ትምህርት ሲገልጽ፣ ተማሪዎች ስለ ሌላው ሙያ፣ ከሌላው ባለሙያና ከእሱ ጋር ሆነው እንዲማሩ ይላል። በአንድ አዳራሽ ተደርድሮ ሌክቸር መስማት ስለዚህ አይቆጠርም። ኬዙ፣ ማለትም የምንለማመድበት የታካሚ ታሪክ፣ አንድ ዲፓርትመንት ብቻውን የማይጨርሰው መሆን አለበት።

ዘንድሮ ደጋግመን የሠራነው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም መፍሰስን ነው። ከየሙያው አንድ ተማሪ፣ 15 ደቂቃ ልምምድ፣ 30 ደቂቃ ውይይት። አዋላጇ ማህፀኑን እያሸች ሰው ትጠራለች፤ ነርሱ በወፍራም ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) አይቪ፣ ማለትም የደም ሥር መስመር፣ ይከፍታል፣ ደም ይቀዳል፤ ጤና መኮንኗ የመፍሰሱን ምክንያት ትፈልጋለች። የፋርማሲው ተማሪ ማህፀን እንዲኮማተር የሚሰጠው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲኑ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጡን ያረጋግጣል፤ ከወለደች 3 ሰዓት ካላለፋት የደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ተብሎ በደም ሥር እንዲሰጥ ያስታውሳል።

መጀመሪያ የሚበላሸው ትእዛዙ ነው። «ኦክሲቶሲን ይሰጣት!» ይባላል፤ ለማን እንደተባለ ግን አይታወቅም። ወይ ማንም አይሰጥም፣ ወይ ሁለት ሰው ይሰጣል። አሁን አዛዡ በስም ይጠራል፣ የተጠራው «10 ዩኒት፣ ጡንቻ ላይ» ብሎ ይደግማል፣ ሲጨርስ «ሰጥቻለሁ» ብሎ ሰዓቱን ይናገራል።

ቀጥሎ የሚበላሸው ደሙ የተቀዳበት ቲዩብ ነው። አልጋው አጠገብ የወላዷ ስም ሳይጻፍበት ላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ የደረሰ ናሙና ለክሮስማች (የሚሰጣት ደም ከእሷ ደም ጋር መስማማቱን ለሚያሳየው ምርመራ) አይሠራም፤ እንደገና ይቀዳል። የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ካልተጻፈ፣ በአንድ ዋርድ ሁለት አልማዝ ከበደ ቢገኙ ምን ይደረጋል? ይህን ጥያቄ ያነሳችው የላብራቶሪ ተማሪ ናት፤ ሌሎቹ ላብራቶሪን የሚያውቁት ውጤት በሚመጣበት መስኮት ብቻ ነበር።

ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ ወላድ ወደ ሆስፒታል ስትላክ መንገዱ ሊዘጋ ስለሚችል ተቀባዩ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። የስልኩ መልእክት አራት ነገር ይይዛል፦ አሁን ምን ሆነች፣ ከዚህ በፊት ምን ነበረ፣ ምን ይመስለናል፣ ምን እንፈልጋለን። ብዙዎች ከታሪኳ ይጀምሩና «ደም አዘጋጁልን» የሚለውን ሳይናገሩ ስልኩን ይዘጋሉ።

ሚና ማቀያየርን ትተነዋል፤ ፋርማሲስቱ ነርስ ሲሆን ነገሩ ድራማ ይሆናል። ውይይቱን የሚመሩት ከተለያየ ዲፓርትመንት የመጡ ሁለት መምህራን ናቸው፤ መጀመሪያ የሚናገረውም በልምምዱ ዝም ያለው ተማሪ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የአንስቴዥያ (የማደንዘዣ ሕክምና) ተማሪዎች ይጨመራሉ፤ የዋርድ ልምምዳቸው ፕሮግራም ከሌሎቹ ጋር ስለማይገጥም ምዝገባው መስከረም ላይ ይጀመራል።