ኩሬውን በጥር ለምን አደረቅነው?

ለውድ ደንበኞቻችን፣

በጥር የግቢያችንን ኩሬ ደለሉን ለማውጣት አድርቀን በር በመዝጋታችን ብዙዎቻችሁ አዝናችሁብናል። የሠርግ ፎቶ ፕሮግራም ለያዛችሁ ሁሉ ይቅርታ። ቀብዳችሁ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።

«ቦታውን ሊሸጡት ነው» የሚለው ወሬ ግን አሞኛል። ጥር የዓመት እንጀራችን የሚገኝበት ወር ነው። ዘግተን የተጎዳነው እኛ ነን።

ድሬ በበልግና በክረምት ይዘንባል። የኩሬው ወለል ደግሞ ፀሐይ መትቶት እስኪሰነጠቅ መድረቅ አለበት። ኅዳርና ታኅሣሥ ውሃውን ቀስ በቀስ ለማንጎዎቹ አጠጣነው፤ እንዲሁ ወደ አሸዋው መልቀቅ ግፍ ነው። እስከ መጋቢት ብንቆይ ጎርፉ ያወጣነውን ደለል መልሶ ያስገባው ነበር።

ጎረቤቶቻችን ሽታው አስቸግሯችኋል። ጥቁሩ ጭቃ የዓመታት ቅጠል፣ የዓሣ እዳሪና ጎርፍ ያመጣው አፈር ነው። አየር አጥቶ ሲበሰብስ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣል። የውሃውን ኦክስጅንም ከዓሦቹ ይሻማል። ቆሮሶ የምንላቸው ዓሦቻችን ጎህ ሲቀድ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ስካቫተር አስገብታችሁ ቶሎ አትጨርሱም?» ላላችሁን፦ ከጭቃው ሥር አባቴ በሬ እያስነዳ የጠቀጠቀው የሸክላ አፈር አለ። ውሃውን የያዘው እሱ ነው። የማሽን ጥርስ ከቀደደው ኩሬው ይሰርጋል። ስለዚህ በአካፋና በባሬላ አወጣነው። የሰው ጉልበት፣ የፓምፑ ናፍጣ፣ የሲኖትራኩ ኪራይ ሁሉም ጨምሯል። የመግቢያ ዋጋ ላይ ግን አንድ ብር አልጨመርንም። እዚህ ተሞሽራችሁ ዛሬ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትመጡትን እንዴት ብዬ ላስከፍል?

ወደ ሐረር የተጓዘ ሁሉ የሐረማያን ሐይቅ ያውቃል። ውሃው ለከተማና ለመስኖ ተሳበ፣ ደለል ከተራራው ወርዶ ሞላው፣ በ1990ዎቹ ደረቀ። አባቴ በዚያ ባለፈ ቁጥር አንገቱን ይደፋ ነበር። የእሱ ኩሬ በእኔ እጅ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም።

አሁን ወለሉ ላይ ኖራ ተበትኗል፤ ዓሦቹ ገንዳ ውስጥ ደህና ናቸው። ከጉድጓዳችን መሙላት ጀምረናል። ለፋሲካ እንከፍታለን፤ ቀድማችሁ ለያዛችሁ ቅድሚያ እንሰጣለን። እባካችሁ ሌላ ቦታ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንዴ ብቅ ብላችሁ እዩት።

የኩሬው ባለቤት፣ ድሬዳዋ