የሕመምተኛን ሆድ የምንሰማ እኛስ ማንን እናማክር?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሰሜን ሸዋ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምሠራ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። በክፍሉ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የሱፐርቪዥን ቡድን መጥቶ ነበር። ሦስቱ እንግዶች በቼክሊስታቸው መሠረት መዝገቡን አገላበጡ፣ አሚትሪፕቲሊንና ሃሎፔሪዶል የተባሉትን የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶች ክምችት መመዝገቢያ ካርድ አዩ፣ ግብረ መልስ ጽፈው ሄዱ። ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ቅር አላሰኙኝም። ግን በሩን ዘግቼ ከሕመምተኛ ጋር ስቀመጥ ምን እንደምሰማና ምን እንደምመልስ የጠየቀኝ የለም። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተጠይቄ አላውቅም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንዲት እናት መጡ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ላይ ቤት ንብረታቸው ከተቃጠለባቸው አንዷ ናቸው (እንዳይታወቁ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ)። እንቅልፍ አጥተዋል። ስለዚያች ሌሊት ስጠይቃቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው «ሆድ ይፍጀው ልጄ» አሉኝ። እኔ ግን «ይንገሩኝ፣ ሲወጣ ይቀልልዎታል» ብዬ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስተረክኋቸው። ሲወጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በቀጠሯቸው ቀን የመጣችው ልጃቸው ናት፤ «ከዚያ ቀን ወዲህ ጭራሽ ዓይናቸው አልተከደነም» አለችኝ።

መከራ ያየን ሰው የደረሰበትን ሁሉ እንዲናገር መገፋፋት እንደማይገባ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ላይ ተጽፏል። ተምሬዋለሁ። በብቃት ምዘና ፈተና ላይ በምርጫ ጥያቄ ቢመጣ ሳላመነታ አከብበው ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ያደረግሁት ያው መሆኑን ግን ብቻዬን አላየሁትም።

ያሳየኝ የቀድሞ መምህሬ ነው። ደንግጬ ደወልኩለት። አልተቆጣኝም። «ሆድ ይፍጀው ሲሉሽ አንቺ ምን ተሰማሽ?» አለኝ። ዝም ካሉ ሥራዬን ያልሠራሁ መስሎኝ እንደፈራሁ ነገርኩት። «ታዲያ ያስተረክሻቸው ለእሳቸው ነው ወይስ ለፍርሃትሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። በማግስቱ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለ እንቅልፋቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ቀናቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ ነው። ስለዚያች ሌሊት እስካሁን አላነሳሁባቸውም። አሁን ይተኛሉ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ማታ እንደዋወላለን። ከሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል መድኃኒቱን አቋርጦ የተመለሰ ልጅ ሲገጥመኝ «ቤተሰቡን ከጠበልና ከመድኃኒት አታስመርጪ፤ ጠበሉም ይቀጥል፣ ኪኒኑንም ይዋጥ» ያለኝ እሱ ነው። እኔ ራሴ እሳት በሕልሜ ማየት በጀመርኩ ጊዜም ቀድሞ ያስተዋለው እሱ ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በደግነቱ ነው። ደግነት ግን የሥራ መደብ አይደለም፤ የእኔ መምህር ዓይነት ሰው ያላገኘ ባልደረባዬስ?

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒስት (በምክር የሚያክም ባለሙያ) ሙሉ ፈቃድ ለማግኘት 3,000 ሰዓት፣ ከ104 ሳምንት ባላነሰ ጊዜ፣ በአንጋፋ ባለሙያ ክትትል ሥር መሥራት አለበት። በሚሠራበት ሳምንት ሁሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ለብቻው፣ ወይም ሁለት ሰዓት በቡድን፣ ከተቆጣጣሪው ጋር ይቀመጣል። 3,000 ሰዓቱን እኛ ዛሬ አንችለውም፤ አንጋፋዎቻችን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሳምንቷን አንድ ሰዓት ግን በስልክም ቢሆን እንችላታለን። እኛ ፈቃድ ስናሳድስ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ እንጠየቃለን። ነጥቡ በአዳራሽ ሥልጠና ብቻ ከሚሞላ፣ ከአንጋፋ ባለሙያ ጋር ስለ ሕመምተኛ የምንመክርባት ሰዓት ለምን አትቆጠርልንም? ፈቃድ ለመስጠትስ ለምን መስፈርት አትሆንም? ለአንጋፋው ባለሙያም እንደ መደበኛ ሥራው ታስባ ትከፈለው።

የሚመለከታቸው አካላት ይህን እስኪወስኑ ድረስ በዞናችን ያለን ባለሙያዎች በወር አንድ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ላይ እንሰብሰብ። ከመሐል ሜዳም፣ ከዓለም ከተማም፣ ከሸዋ ሮቢትም የሚመጣ አይጠፋም፤ የትራንስፖርቱን ከኪሳችን እንችላለን። የምንጠይቀው አንድ ክፍልና የሚመራን አንድ አንጋፋ ባለሙያ ነው። ስሜና ስልኬ በዝግጅት ክፍሉ ስላለ መሳተፍ የሚፈልግ በዚያ በኩል ያግኘኝ።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ
ከሰሜን ሸዋ