ደብዳቤ ለልጄ፦ ያልገዛኸውን አትያዝ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እዚህ ሜልበርን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አክስትህ ትናንት ማታ ከሆባርት ደውላ፣ በዕድሜ ከሚበልጡህ ጓደኞችህ ጋር ከሱቅ ስትወጡ ጥበቃዎቹ እንዳስቆሟችሁ፣ ያልተከፈለበት የጆሮ ማዳመጫም በአንተ ቦርሳ ውስጥ እንደተገኘና ፖሊስ በማስጠንቀቂያ እንደለቀቀህ ነገረችኝ። «ያዝልን ብለውኝ ነው» ማለትህን ሰምቻለሁ፤ አምኜሃለሁም። ቢሆንም ራስህ ያልገዛኸውን ዕቃ አትያዝ። ለጓደኛ ብለህ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አትያዝ።

በስልክ ብቆጣህ «እሺ እማዬ» ብለህ እንደምታመልጠኝ ስለማውቅ መጻፉን መረጥሁ። ፊደሉ ከከበደህ አክስትህ ታንብብልህ።

የምትኖርበት ደሴት ታዝማኒያ ከመባሉ በፊት ቫን ዲመንስ ላንድ ይባል እንደነበር፣ እንግሊዝም እስረኞቿን በመርከብ እየጫነች ታራግፍበት እንደነበር በትምህርት ቤት ሳትሰማ አትቀርም። ወደዚያም ሆነ ወደ ሌላው አውስትራሊያ ከላከቻቸው እስረኞች መካከል ግን ከአንተ በብዙ የሚያንሱ ልጆች እንደነበሩ ነግረውህ እንደሆነ እንጃ። እኔ የአንዱ ነገር ከልቤ አይወጣም።

ጆን ሃድሰን የጭስ ማውጫ እየጠረገ የሚያድር የሎንዶን ልጅ ነበር። በ1783 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) አንድ ሰው ቤት በመስኮት ተገብቶ የበፍታ ሸሚዝ፣ አምስት የሐር ካልሲዎች፣ ሽጉጥና ሁለት ሽርጦች ተሰረቁ፤ ጠረጴዛው ላይ ጥላሸት የነካቸው የትንሽ እግር ዱካዎች ተገኙ። ችሎት ፊት ቀርቦ ዕድሜው ሲጠየቅ ገና ወደ ዘጠኝ ዓመት እየሄደ መሆኑን ተናገረ። አባትና እናት እንዳለው ሲጠየቅ የለኝም አለ፤ መቼ እንደሞቱም አያውቅም። በዚያች ጠባብ መስኮት ሕፃኑን ያሾለከ ትልቅ ሰው ከኋላው እንደነበረ እኔ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በችሎቱ የቆመው እርሱ ብቻ ነበር። ቤት ሰብሮ ከመግባት ክስ ነጻ ቢሉትም፣ ስለ ስርቆቱ የሰባት ዓመት ግዞት ፈረዱበት። በመጀመሪያ ወደ አሜሪካ በሚሄድ መርከብ ጫኑት፤ እስረኞቹ ዐምፀው መርከቡ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በ1787 ዓ.ም. ደግሞ ፍሬንድሺፕ በተባለው መርከብ ወደ አውስትራሊያ ላኩት። ከዚያም ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ ወዳለችው ኖርፎክ ደሴት ወሰዱትና በ1791 ዓ.ም. ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ከጎጆው ውጭ ተገኘ ብለው ሃምሳ ጅራፍ ገረፉት። አንተ ያን ሰዓት ገና እራትህን አልጨረስህም።

ሜሪ ዌድ የምትባለው ልጅ ደግሞ ዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ ከምትበልጣት ጓደኛዋ ጋር ሆና የአንዲት ሕፃን ልብስ ገፈፈች፤ ሁለቱም ሞት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ፍርዱ ወደ ግዞት ተለወጠላቸው። ከምትበልጣት ጓደኛዋ ጋር! ያልገዛኸውን አትያዝ ስልህ በከንቱ እየጨቀጨቅሁህ አይደለም።

እኔ የምልህን ካላመንህ፣ የትምህርት ዕረፍት ሲሆን አክስትህ የድሮው የእስረኞች ሰፈር ወዳለበት ወደ ፖርት አርተር ይዛህ ትሂድ። ከወደቡ ማዶ ፖይንት ፒዩር የተባለ ድንጋያማ ጫፍ አለ። ከ1834 እስከ 1849 ዓ.ም. ሦስት ሺህ ያህል ወንዶች ልጆች ታስረውበታል፤ ከመካከላቸው ገና ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ነበሩ። ጫማ መስፋት፣ አናጺነትና ድንጋይ መጥረብ ይማሩ ነበር፤ ያጠፋውን ደግሞ ይገርፉታል፣ ብቻውንም ይዘጉበታል። ሙያ ቀስመዋል፣ ፊደልም ቆጥረዋል ብለው የሚያመሰግኑ አሉ። ልጇ በመሐረብ ስርቆት ተይዞ የዓለም ጫፍ የተላከባት እናት ግን የትኛውን ፊደሉን ታመስግን? ፍርዱን የጨረሰውንም ቢሆን መንግሥት የመመለሻ መርከብ አይከፍልለትም ነበር።

ዛሬ አንተን ማንም በመርከብ አይጭንህም፤ በማስጠንቀቂያ ለቀውሃል፤ «እናት አለህ ወይ» ቢሉህም የምትጠራት አለች። ሁለተኛ ጊዜ ግን ፖሊሱ እንዲህ እንደማይራራ ዕወቀው። ከእነዚያ ልጆች ጋር ሱቅ አትግባ፤ ቦርሳህንም ለማንም አታውስ።

ቅዳሜ ጠዋት ለሱቁ ኃላፊ ይቅርታ የምትጠይቅበትን ደብዳቤ በገዛ እጅህ ጽፈህ፣ ከአክስትህ ጋር ሄደህ ስጥ። ከመሄድህ በፊት ለእኔ በስልክ አንብብልኝ። ጃኬትህን ልበስ፤ የሆባርት ንፋስ ደረትህን እንደሚነካህ ታውቃለህ። የጆሮ ማዳመጫ የሚያስፈልግህ ከሆነ ንገረኝ፣ ገንዘቡን እልክልሃለሁ፤ ራስህ ከፍለህ ግዛ፣ ደረሰኙንም አትጣል።

የምትወድህ እናትህ