ሰባት አኃዝና ብዙ ስሞች

ውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? ባለፈው ስትደውዪ፣ «መርከብ ስሟም ባለቤቷም ውስጧም ከተቀየረ ያችው መርከብ ናት እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ያኔ ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። የአንዷን ታሪክ ልጻፍልሽና አብረን እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ «ስቶክሆልም» ትባል ነበር። የተሠራችው ስዊድን፣ ጎተንበርግ ውስጥ ነው። በ1948 መንገደኞች ይዛ አትላንቲክን ማቋረጥ ጀመረች። ርዝመቷ 160 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ መስመር ከሚመላለሱት ግዙፎች አጠገብ ትንሽ ነበረች። የፊት አፍንጫዋ ግን በረዶ እንዲችል ተብሎ በጣም ጠንክሮ ነው የተሠራው። ይህን ያዥልኝ።

ጁላይ 25 ቀን 1956 ሌሊት፣ ከአሜሪካ ናንታኬት ደሴት ወዲያ፣ ከጣሊያኗ «አንድሪያ ዶሪያ» ጋር ተጋጨች። ጉም ነበር። የሚያሳዝነው፣ ሁለቱም ቀደም ብለው በራዳር ተያይተው ነበር። አንዷ በግራ በኩል እንተላለፋለን ስትል ሌላዋ በቀኝ መሰላት። ያ ጠንካራ አፍንጫ የጣሊያኗን ጎን ቀደደው። በሁለቱም መርከቦች 51 ሰዎች ሞቱ። «አንድሪያ ዶሪያ» በማግስቱ ጠዋት ሰጠመች። ስቶክሆልም ግን አፍንጫዋ ተጨማዶ እንኳ አልሰጠመችም። ከጣሊያኗ መርከብ ከ500 በላይ ሰዎችን ተቀብላ ኒውዮርክ አደረሰች። ሰዎች ስለ እሷ ሲያወሩ ግጭቱን ብቻ ነው የሚያነሱት። እኔ ይህንንም እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

በ1960 ምሥራቅ ጀርመን ገዛቻት። ስሟም «ፎልከርፍሮይንድሻፍት» ሆነ፤ የሕዝቦች ወዳጅነት ማለት ነው። የሠራተኛ ማኅበራቱ ሠራተኞችን ለእረፍት ይልኩባት ነበር። አገራቸው እንደ ልብ ለማያስወጣቸው ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዶቹ ግን በዚያው አልመለስ አሉ፤ ወደ ባሕር ዘለው ያመለጡም አሉ። በኦክቶበር 1962፣ አሜሪካ ኩባን በባሕር ከባ ዓለም ትንፋሹን በያዘበት ሳምንት፣ ይቺው መርከብ መንገደኞቿን ይዛ ወደ ሃቫና እየሄደች ነበር። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ኬኔዲ ሳትቆም እንድታልፍ ፈቀደ። ሰላማዊ ሰዎች የሞሉባትን መርከብ በኃይል ማስቆም የሚያመጣውን ፈርቶ ነው።

በ1985 ተሸጠች። የስሟ ግማሽ ተቆርጦ «ፎልከር» ብቻ ቀረ። ቀጥሎ «ፍሪትዮፍ ናንሰን» ተብላ ኦስሎ ወደብ ላይ ቆመች፤ ጥገኝነት ጠያቂዎች ኖሩባት።

በ1989 የገዟት ጣሊያኖች ናቸው። ተጎትታ የገባችውም ጄኖቫ ነው። «አንድሪያ ዶሪያ» የተሠራችው እዚያው ጄኖቫ ነው እኮ! ጋዜጦቹ የሞት መርከብ አሏት። እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌም ልቤ ይነካል። የዚያችው ከተማ ሠራተኞች ቀፎዋ፣ ማለትም ባዶ የውጭ አካሏ ብቻ እስኪቀር ድረስ አፈራረሷት፤ ከዚያ እንደ አዲስ ገነቧት። በ1994 «ኢታሊያ ፕሪማ» ሆና ወጣች።

ከዚያ በኋላ ስሞቹ ተከታተሉ፦ ቫልቱር ፕሪማ፣ ካሪቤ፣ አቴና፣ አዞሬስ፣ አስቶሪያ። «አቴና» ሳለች፣ በ2008፣ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ የወንበዴ ጀልባዎች ከበዋት ነበር። መርከበኞቹ በኃይለኛ ውኃ እየረጩ አባረሯቸው። በ2020 ኮሮና የሽርሽር ጉዞውን ሁሉ ሲያቆም እሷም ሮተርዳም ላይ ቆመች። ዳግመኛ መንገደኛ አልጫነችም። በ2025 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፤ ቤልጂየም፣ ጌንት ድረስ ተጎትታ ሄደች።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እያንዳንዱ ትልቅ መርከብ ሰባት አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለው። ስም፣ ባለቤት፣ ባንዲራ ቢቀየር ቁጥሩ አይቀየርም። ከቀፎው ጋር ይኖራል፤ ለሌላ መርከብም አይሰጥም። የባሕር ሕግ እንግዲህ «ያችው ናት» ይላል። እኔም እንደዚያው ነው የማምነው። ጄኖቫ ያሉት ሠራተኞች አዲስ መርከብ ነው የሠራነው ቢሉሽ ግን፣ እነሱንም «ተሳስታችኋል» ለማለት አፌ አይደፍርም።

የድሮ ፎቶዎቿን ሰብስቤልሻለሁ። በ1948ቱና በ2020ው ላይ የቀፎዋን መስመር ከአፍንጫዋ ጀምረሽ ተከተይው። ያየሽውን ስትደውዪ ትነግሪኛለሽ።

አባትሽ