ልጄን ለልብ አልትራሳውንድ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ

የልጄ ምርመራ በሰላም አልቋል። ስትጨነቁልን ለሰነበታችሁ ሁሉ መጀመሪያ ይህንኑ ልንገራችሁ። ልቡ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተገኝታለች፤ በታችኞቹ ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ላይ ናት። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ ልጁ ሲያድግ በራሳቸው እንደሚዘጉ ዶክተሩ አስረድተውናል። መድኃኒት አላዘዙም፤ ክትትል ብቻ። ተመስገን ነው።

ከሁሉ በፊት የማመሰግነው እዚሁ ፍኖተ ሰላም ያለሽውን ሲስተር ነው። ለጉንፋን ያመጣሁትን ልጅ ደረቱን አዳምጠሽ «ድምፅ አለ፣ ባሕር ዳር ሄዶ ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፣ ይነሳ» ስትይኝ እግሬ ከዳኝ። እኔን አረጋግተሽ ግን አላበቃሽም። «ለልጁስ ምን ልትነግሪው ነው?» አልሽኝ። አክስቶቹ «አጎትህ ጋ ነው የምንሄደው በይው» ሲሉ ነበር። አንቺ «እውነቱን ንገሪው፣ ግን ዋዜማው ላይ። የአራት ዓመት ልጅ ሳምንት ሙሉ ሲያስበው አይክረም» አልሽ። መርፌ እንደሌለው፣ እንደማያምም ልንገረው፤ «አይቀዘቅዝም፣ አይጫንም» ግን እንዳልለው። ጄሉ ይቀዘቅዛላ! መሣሪያውም ከጎድን አጥንት ሥርና አንገት ሥር ሲደርስ ጫን ይላል።

እማዬ፣ ያንቺን ውለታ በምን ልክፈል! ጥሬ ተልባ በውሃ ዘፍዝፈሽ፣ ሲዝለገለግ ደረቱን ቀብተሽ፣ የማንኪያ ጀርባ ይዘሽ «በል በግራ ጎንህ ተኛ፣ ዶክተር አያትህ ልታይህ ነው» አልሽው። ሳቁን አልቻለም። ቀጥሎ ማንኪያውን ቀማሽና አንቺን አስተኛሽ። እኔን ሳይቀር መረመረኝ፤ ቀሚሴ እስካሁን አልጠራም።

ሳይበላ ይሂድ ያላችሁኝ ጎረቤቶቼ፣ ለአሳቢነታችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የሚያስተኛ መድኃኒት የሚሰጠው ልጅ ነው የሚጾመው አሉን። የኔው ፍርፍሩን ጥርግ አድርጎ ነው መኪና የገባው። ከቡሬ በኋላ ሲያስመልሰው ደግሞ የፊት ወንበሩን የለቀቁለት ጋሼ፣ እርስዎንም አልረሳሁም።

ባሕር ዳር የተቀበላችሁን ባለሙያዎች፣ ክፍሉ ጨለም ሲል ልጄ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘ። ስክሪኑ እንዲታይ መብራት እንደሚቀነስ ነገራችሁት፣ እኔም አልጋው ላይ አብሬው እንድቀመጥ ፈቀዳችሁ። ደረቱ ላይ የምትለጥፉትን ባለሽቦ ነገር አንዱን በገዛ እጁ አስለጠፋችሁት፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው የሱ ሆነ። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሲመጣ «ሰማያዊ ደም አለኝ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተር፣ ወረፋው እያለ ቆም ብለው «ወደ መሣሪያው የሚመጣው በቀይ፣ የሚርቀው በሰማያዊ ይታያል እንጂ ደምህስ ያው ቀይ ነው» አሉት። እኔም ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። የመሣሪያው ድምፅ ሲከፈት ደግሞ «እማ፣ ሆዴ ውስጥ ወፍጮ አለ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሳላስበው እንባዬም መጣ፤ ከሳቁ ይሁን ከሌላው እንጃ።

ጥያቄ ነገር አለችኝ። በየሰፈሩ «ዝም በል፣ ሐኪም ጠርቼ አስወጋሃለሁ» እያላችሁ ልጅ የምታስፈራሩ እህቶቼ፣ እባካችሁ ተዉት። የኔ ልጅ መንገዱን ሙሉ «በቃ መርፌ የለም አይደል?» ሲል የነበረው ከዚያ ሰምቶ ነው።

የሚቀጥለው ቀጠሯችን ከመስቀል በኋላ ነው። እስከዚያው ለሁላችሁም እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈልልኝ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።

የልጁ እናት፣ ከፍኖተ ሰላም